በጾም የተወለደው ኩኪስ

ዛሬ የምጽፈው ረዘም ያለ ነው፤ ቡናችሁን ያዙና አረፍ በሉ። ክፍል ውስጥ «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» ትሉኝ የነበራችሁ አትስጉ፤ አይመጣም። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

ነገሩ የጀመረው አምና ነው። ጀርመን የምትኖረው ልጄ «አባዬ፣ አንድ ገና እንኳን ከኛ ጋር አሳልፍ» ብላ ለምናኝ፣ የኛ የገና ጾም ከገባ ጥቂት ቀን ቆይቶ እዚያ ደረስኩ። ብርዱን ተዉት፣ አይወራም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰባት ዓመት የሆናት የልጅ ልጄ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ይዛ መጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ኮከብ፣ ልብ፣ ጨረቃ፣ መልአክ፣ ጥድ፣ አንድ ትንሽ ፈረስ፤ ሁሉም ከስስ ብረት የተጠማዘዙ፣ ውስጣቸው ባዶ የሆኑ የኩኪስ ቅርጽ ማውጫዎች ናቸው። ከእናቷ ጋር ሊጡን ዳምጠው፣ በነዚያ ቅርጾች እየቆረጡ ጋገሩ። ቤቱ ቀረፋና ቅቤ ሸተተ።

ከዚያ ልጅቷ ከሁሉ ያማረውን ኮከብ መርጣ፣ ስኳር ነስንሳበት፣ ቡናዬ አጠገብ አስቀመጠችልኝ።

«የኔ እናት፣ ጾም ነኝ እኮ» አልኳት።

«ጾም ማለት?»

«ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል አልበላም። ገና እስኪደርስ።»

«ግን ይሄ እኮ የገና ነው!»

ምን ልበላት? እኔ ዝም። ኮከቡን አንስታ ወደ ሳህኑ መለሰችውና እናቷን በጀርመንኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ልጄ መጀመሪያ ልትተረጉምልኝ አልፈለገችም። ማታ ላይ ነው የነገረችኝ። «የአባባ ገናና የኛ ገና ተጣልተዋል ወይ?» ነበር ያለችው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ታሪክ አስተምሬ፣ ለአንዲት አንደኛ ክፍል ተማሪ መልስ አጣሁ። ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ ከመሄዴ በፊት እኔም እዚሁ ገጽ ላይ «ልጆቻችን በኩኪስና በጥድ ዛፍ ገናቸውን እየረሱ ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። ብዙዎቻችሁ ወዳችሁልኛል። ታዲያ የሚያበሳጨኝን ነገር ታሪክ አንድም ቀን አጣርቼ አላውቅም ነበር። በነጋታው ጀመርኩ። ያገኘሁት ደግሞ ያልጠበቅኩትን ነው። ያ እኔ በጾም ምክንያት የመለስኩት ኩኪስ፣ ዘሩ ሲመዘዝ፣ የጾም ምግብ ነው።

* * *

ከጾሙ እንጀምር። ዛሬ ምዕራባውያን ከገና በፊት ያሉትን አራት ሳምንታት «አድቬንት» ይሏቸዋል፤ ጣፋጭ የሚጋገርበት፣ ገበያ የሚደምቅበት ወቅት ነው። ድሮ ግን ይሄ ወቅት ጾም ነበር። በ581 ፈረንሳይ ውስጥ ማኮን በተባለች ከተማ የተሰበሰበ ሲኖዶስ፣ ከቅዱስ ማርቲን በዓል ከኖቬምበር 11 ጀምሮ እስከ ገና ድረስ በየሳምንቱ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እንዲጾም ደንግጓል። የኛ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ነው የሚገባው። ወቅቱ ተቀራራቢ፣ የሚጠበቀውም በዓል አንድ ነው። በመካከለኛው ዘመን በብዙ የአውሮፓ አገር የጾም ሕግ ሲጠብቅ፣ ሥጋ ብቻ ሳይሆን ወተት፣ ቅቤና እንቁላልም ይከለከል ነበር። የኛው ዝርዝር ነው እኮ!

እንግዲህ አስቡት። ጨለማ በሆነ ክረምት፣ ፀሐይ ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ገደማ በምትጠልቅበት አገር፣ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል ምን ጣፋጭ ይጋገራል? መልሱ ማር ነው። ማር፣ ዱቄትና ቅመም።

የዚህ ዓይነቱ የማር ቂጣ በጀርመን «ሌብኩኸን» ይባላል። በጣም የታወቀበት ከተማ ኑረምበርግ ነው። ከተማዋ በዚህ ሥራ የገነነችው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ጫካዋ ነው። በዙሪያዋ ሰፊ የንጉሠ ነገሥቱ ደን ነበር፤ በዛፍ ግንድ ውስጥ ንብ የሚያረቡ፣ «ሳይድለር» የሚባሉ ሰዎች ይኖሩበታል። ንጉሠ ነገሥት ካርል 4ኛ በ1350 ለነዚህ ንብ አርቢዎች ልዩ መብት ጽፎላቸዋል። ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ቀፎ መስቀል ለኛ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከፋና ጅማ ያደጋችሁ ይሄን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛው ምክንያት ንግድ ነው። ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄልና ገውዝ አውሮፓ ውስጥ አይበቅሉም። ከህንድና ከዚያም ወዲያ ካሉ ደሴቶች በመርከብ ተጭነው፣ ብዙው በቀይ ባሕር በኩል አልፎ፣ ግብፅ ደርሶ፣ ከዚያ ወደ ቬኒስ ይሻገራል። ቬኒስ ውስጥ ለጀርመን ነጋዴዎች ብቻ የተሠራ ትልቅ የንግድ ቤት ነበር፤ የኑረምበርግ ሰዎች ከዚያ እየጫኑ የአልፕስን ተራራ ያቋርጣሉ። ያ ቅመም በኛ ደጃፍ፣ በምጽዋና በዳህላክ ፊት ለፊት እያለፈ ነበር የሚሄደው። በ1402 የአፄ ዳዊት መልእክተኞች ቬኒስ ሲገቡም፣ ያቺው የቅመም ከተማ ናት የተቀበለቻቸው።

የኑረምበርግ ሌብኩኸን ጋጋሪ በጽሑፍ ላይ የሚገኘው በ1395 ነው። በ1643 ደግሞ እነዚህ ጋጋሪዎች ከተራ ዳቦ ጋጋሪዎች ተለይተው የራሳቸውን የሙያ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበር ማለት ዛሬ እንደምናውቀው ዓይነት አይደለም፤ አባል ያልሆነ ሰው ያንን ጋግሮ መሸጥ አይችልም ማለት ነው። ሙያው የተከበረም የተዘጋም ነበር። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

* * *

አሁን ወደ ቅርጹ እንምጣ። ሰው ለምን ዳቦ ላይ ሥዕል ያወጣል?

አንዱ ትልቅ ምንጭ ቤተ ክርስቲያን ናት። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ለቁርባን የሚሆነውን ስስ ኅብስት የምትጋግረው በሁለት የብረት ሰሌዳዎች መካከል ነበር። ሰሌዳዎቹ ላይ መስቀልና ሌላም ሥዕል ይቀረጽና ኅብስቱ ላይ ይታተማል። የኑረምበርጉ ሌብኩኸን እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ ጊዜ የሚጋገረው «ኦብላተ» በሚባል እንደ ወረቀት በሳሳ ነጭ ቂጣ ላይ ነው። ያ ቂጣ የቁርባኑ ኅብስት የቅርብ ዘመድ ነው፤ ያልተባረከ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ማር የበዛበት ሊጥ ምጣድ ላይ እንዳይጣበቅ ይረዳል።

ቀጥሎ የመጣው የእንጨት ቅርጽ ነው። ጠራቢዎች ጠንካራና ጥርት ያለ እንጨት፣ ለምሳሌ የፒር ዛፍ፣ ይመርጡና ሥዕሉን ወደ ውስጥ ገልብጠው ይቀርጹታል። በግራ ያለው በቀኝ፣ በቀኝ ያለው በግራ። ሊጡ ሲጫንበት ሥዕሉ ቀና ብሎ ይወጣል። ከዚያ ሊጡ ገጹ ደረቅ እስኪል ይቆያል፤ ያለዚያ እሳት ሲነካው ሥዕሉ ይጠፋል። በነዚህ እንጨቶች ላይ ያልተቀረጸ ነገር የለም። ልደቱ፣ ሰብአ ሰገል፣ አዳምና ሔዋን፣ ፈረሰኛ፣ ሙሽራ፣ የታሸገ ሕፃን፣ የንጉሥ ፊት።

ብዙ ሰው ማንበብ በማይችልበት ዘመን ይሄ ትንሽ ነገር አልነበረም። የኛ አባቶች ወንጌሉን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እንደሳሉት፣ እነሱም ግድግዳው ላይ ሳሉት፤ ሊጡም ላይ አተሙት። ልጁ ታሪኩን ያያል፣ ይሰማል፣ ከዚያ ይበላዋል። በ1487 ንጉሠ ነገሥት ፍሪድሪሽ 3ኛ ኑረምበርግ ላይ ወደ አራት ሺህ የሚሆኑ ሕፃናትን ሰብስቦ የራሱ መልክ የታተመበት ሌብኩኸን እንዳደላቸው ይተረካል። የዘመኑ ፖለቲካም በኩኪስ ነበር ማለት ነው። ያኔ ፖስተር የለ፣ ቴሌቪዥን የለ።

ልማዱ የጀርመን ብቻም አልነበረም። ፖላንድ ውስጥ ቶሩን፣ ሩሲያ ውስጥ ቱላ በማር ኩኪሳቸው የታወቁ ከተሞች ናቸው፤ የቱላው «ፕሪያኒክ» በ1685 በመንግሥት መዝገብ ላይ ሰፍሮ ይገኛል። ሆላንዶች ደግሞ በዲሴምበር መጀመሪያ፣ በቅዱስ ኒኮላስ በዓል ዋዜማ፣ የጳጳሱ ምስል የወጣበትን ቅመማም ብስኩት ለልጆች ይሰጣሉ።

ኩኪሱ ዛፍ ላይ የወጣው በኋላ ነው። በ1605 ስትራስቡርግ ከተማ የነበረ አንድ ሰው፣ ሰዎች ለገና በየቤታቸው ጥድ አቁመው ከወረቀት የተሠራ ጽጌረዳ፣ ፖም፣ ያንን ስስ ቂጣና ጣፋጭ እንደሚሰቅሉበት ጽፏል። ዛሬ የምናያቸው አብረቅራቂ ኳሶች የዚያ ፖም ተተኪዎች ናቸው። የዛፉ ጌጥ ድሮ የሚበላ ነበር።

* * *

ታዲያ ቅቤው ከየት መጣ? እዚህ ላይ ነው እኔን ያሳቀኝም ያሳዘነኝም ታሪክ ያለው።

በደቡብ አውሮፓ፣ በጣሊያንና በግሪክ፣ ጾም ሲገባ የወይራ ዘይት አለ። በሰሜኑ ግን ወይራ አይበቅልም። ድሃው የሚያገኘው ከጎመን ዘርና ከመሰል ነገር የተጨመቀ መጥፎ ሽታ ያለው ዘይት ነው፤ ጥሩው ዘይት ከሩቅ አገር የሚመጣና ውድ ነው። ላሙ ግን በረት ውስጥ ናት፤ ቅቤው ቤት ውስጥ ነው፤ መብላት ክልክል ነው።

በጀርመን የሳክሶኒ ግዛት፣ ድሬስደን ውስጥ፣ «ሽቶለን» የሚባል የገና ዳቦ አለ። ቅርጹ የተጠቀለለ ሕፃን ይመስላል፤ ብዙዎች በመጠቅለያ የታሰረውን ሕፃኑን ኢየሱስን ነው ይላሉ። በ1474 በአንድ የድሬስደን ሆስፒታል የሒሳብ መዝገብ ላይ ስሙ ይገኛል። ያኔ የጾም ዳቦ ነበር፤ ዱቄት፣ ውኃ፣ እርሾና ዘይት። ደረቅና የማይጥም። የሳክሶኒ መሳፍንት ሮም ላይ ላለው ጳጳስ አመለከቱ። በ1491 ጳጳስ ኢኖሰንት 8ኛ ፈቀዱ። ያ ጽሑፍ እስከ ዛሬ «የቅቤ ደብዳቤ» ተብሎ ነው የሚታወቀው። ፈቃዱ ግን በነጻ አልነበረም። ቅቤ የሚበላ ሰው ገንዘብ ይከፍላል፤ ከገንዘቡም ለፍራይበርግ ካቴድራል ሥራ ይውላል።

ሳክሶኒ ብቻ አይደለችም። ፈረንሳይ ውስጥ ሩዋን ከተማ ያለው ካቴድራል አንድ ትልቅ ግንብ አለው፤ ስሙ «የቅቤ ግንብ» ነው። በጾም ቅቤ ለመብላት ሰዎች በከፈሉት ገንዘብ ስለተሠራ እንዲህ እንደተባለ ይነገራል። በ1520 ማርቲን ሉተር ካነሳቸው ቅሬታዎች አንዱ ይሄው ነበር። ሰውን ከልክለህ መልሰህ ፈቃዱን ትሸጥለታለህ ወይ ነው ነገሩ። ቅቤና ተሐድሶ እንዲህ ተገናኙ። ለተማሪዎቼ የሉተርን ምዕራፍ ሳስተምር ስለ ሥርየት ደብዳቤ ሽያጭ ብቻ ነበር የምነግራችሁ፤ ቅቤውን ዘልዬዋለሁ። ይቅርታ።

ከዚያ በኋላ ፕሮቴስታንቱ ጾሙን ተወው፤ ካቶሊኩም ዘንድ ሕጉ ቀስ በቀስ ላላ። ቅቤ፣ እንቁላልና ወተት ሊጡ ውስጥ ገቡ። ዛሬ የድሬስደን ሽቶለን በቅቤ ብዛት ነው የሚታወቀው። ጾሙ ተረሳ፤ የጾሙ ዳቦ ግን ቀረ፤ ስሙንና ወቅቱን ይዞ። የልጅ ልጄ ኮከብ የዚህ ታሪክ መጨረሻ ላይ የተጋገረ ነው።

* * *

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን ልመልስ። ኩኪስ የማኅበርተኛ ጋጋሪና የጠራቢ ሥራ ከነበረ፣ እንዴት ከልጅ እጅ ገባ?

ሦስት ነገር ተለወጠ። አንደኛው ስኳር ነው። ስኳር ለብዙ ዘመን የሀብታም ነገር ነበር፤ በኋላ ርካሽ እየሆነ የመጣው ደግሞ በካሪቢያን ደሴቶችና በብራዚል በባርነት በተጋዙ አፍሪካውያን ጉልበት ነው። ይሄን ሳይናገሩ የጣፋጭን ታሪክ መጻፍ ውሸት ይሆናል። በ1747 ማርግራፍ የተባለ የበርሊን ኬሚስት በቀይ ሥር ዘመዶች ውስጥ ከሸንኮራው ጋር አንድ የሆነ ስኳር እንዳለ አገኘ፤ ተማሪው አሻርድም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ከዚያ ተክል ስኳር የሚያወጣ ፋብሪካ ከፈተ። ከዚያ በኋላ ስኳር አውሮፓ ውስጥ ከማሳ የሚታፈስ ሆነ።

ሁለተኛው ማስነሻው ነው። ድሮ ሌብኩኸን የሚነሳው ከእንጨት አመድ በሚወጣ ፖታሽ ወይም ከአጋዘን ቀንድ በሚገኝ ጨው ነበር። ሊጡም ለሳምንታት ይቀመጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቤኪንግ ፓውደር ተሠራ፤ በ1891 ኦትከር የተባለ የቢለፌልድ ፋርማሲስት ለአንድ ጊዜ መጋገሪያ የሚበቃውን ያህል በትንሽ ከረጢት አሽጎ መሸጥ ጀመረ። እናቶች ሳይንሱን ሳይማሩ ውጤቱን አገኙት።

ሦስተኛው ቆርቆሮ ነው። ከእንጨት ቅርጽ ይልቅ የቆርቆሮ ማውጫ ቀላል ነው፤ ሥዕሉን ሁሉ አይጠርብም፤ ዳር ዳሩን ብቻ ይቆርጣል። ፊትና ልብሱን ልጁ በስኳር ይሥለዋል። ከጀርመን ወደ አሜሪካ ተሰደው ፔንሲልቬንያ የሰፈሩት ገበሬዎች ይሄን ልማድ ይዘው ሄዱ። እዚያ ያሉ ቆርቆሮ ሠሪዎች ባልዲና ፋኖስ ሠርተው የሚተርፋቸውን ቁርጥራጭ አይጥሉትም። ቀጭን አድርገው ይቆርጡና ወፍ፣ ፈረስ፣ ልብ አስመስለው አጥፈው፣ በጠፍጣፋ ቆርቆሮ ጀርባ ላይ ይበይዱታል። ጀርባው ላይ ቀዳዳ ይበሱለታል፤ አየር እንዲገባና ሊጡን በጣት ገፋ አድርጎ ለማውጣት። ዛሬ እነዚያ ቁርጥራጮች በሙዚየምና በሰብሳቢዎች እጅ ናቸው። ከትርፍራፊ የተሠራ ነገር!

ስለዚህ የቆርቆሮ ኮከብ የሀብታም ዕቃ አይደለም። የስደተኛና የድሃ ብልሃት ነው። ጠራቢ ለመቅጠር አቅም የሌለው ሰው ለልጁ በዓል የሠራበት መላ ነው።

* * *

ይሄን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ አንድ ቃል ላይ ቆምኩ። ቤተ ልሔም።

በዕብራይስጡ ትርጉሙ «የእንጀራ ቤት» እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጌታ የተወለደው በእንጀራ ቤት ነው። ደግሞ በየደብራችን፣ ከቤተ መቅደሱ አጠገብ ያለችው ትንሽ ቤት ስሟ ማን ነው? ቤተ ልሔም። ለቅዳሴው የሚሆነው ኅብስት የሚጋገርባት። ኅብስቱ ላይ ደግሞ መስቀል ይታተማል። እኔ ልጅ ሆኜ የቤተ ልሔሙ ጢስ ሲወጣ እያየሁ አድጌያለሁ፤ ግን «ሊጥ ላይ ቅርጽ ማውጣት የፈረንጅ ነው» ስል አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። የእናቴ ድፎ ዳቦስ? የኮባው ቅጠል መስመሩን ዳቦው ቂጥ ላይ አትሞት ነበር የሚወጣው። እኛ ልጆቹ የቅጠሉን መስመር በጣታችን እየተከተልን ነበር ተራችንን የምንጠብቅ።

የታሪክ መምህር ሆኜ የራሴን ቤት ታሪክ አላየሁም ነበር። የኔ ገናና የነሱ ገና አልተጣሉም። አንድ ጾም ነበራቸው፤ አንደኛው ተወው፣ አንደኛው ያዘው። ሁለቱም ሊጥ ላይ ምልክት ያወጣሉ።

ሰኞ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠበቅኳት። «ነይ፣ እኔ የምበላው ኩኪስ እንጋግር» አልኳት። እናቷ ሳቀች። በሕይወቴ ከሻይ በቀር ምንም አፍልቼ አላውቅማ! ባለቤቴ በሕይወት ብትኖር ኖሮ ቪዲዮ ታነሳኝ ነበር። ማር አሞቅን፤ ዱቄት፣ ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፤ ከሻንጣዬ ደግሞ ኮረሪማ አወጣሁ። ኮረሪማው የኔ ድርሻ ነው፣ ኑረምበርጎች አያውቁትም። ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ። ሊጡ አንድ ሌሊት አደረ። በማግስቱ ዳምጣ፣ ኮከቧን መርጣ ቆረጠች። አንዱ እግሩ የተቆረጠ ፈረስም ወጣ፤ «ይሄ የአባባ ነው» አለችኝ። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ነው መሰለኝ።

ትኩሱን በላን። እሷ ሁለት፣ እኔ ሦስት። ከዚያ፣

«አባባ፣ አሁን ታረቁ?» አለችኝ።

«ድሮም አልተጣሉም የኔ እናት። ረስተዋወቁ እንጂ።»

እንደገባት እንጃ። ኩኪሱን ግን ጨረሰችው።

* * *

ልጆች ውጭ አገር ለምታሳድጉ የድሮ ተማሪዎቼ አንድ ነገር ልበል። እኔ አምና ያን ጽሑፍ ስጽፍ ለልጆቻችሁ የሰጠኋቸው ምርጫ «ወይ የኛ፣ ወይ የነሱ» የሚል ነበር። ሰባት ዓመት ላለው ልጅ ይሄ ከባድ ምርጫ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚመርጠው አጠገቡ ያለውን ነው። ኩኪሱን ስንነጥቀው ጾሙን አይወድልንም። ጾሙን በኩኪሱ በኩል ስንነግረው ግን ይሰማል። «ድሮ እዚህ አገር ያሉ ልጆችም እንደ አባባ ይጾሙ ነበር፤ ይሄን በማር ይጋግሩላቸው ነበር» ሲባል፣ ጾም የአያቱ እንግዳ ጠባይ መሆኑ ይቀርና የጎረቤቱም ታሪክ ይሆናል። ያን የአምና ጽሑፌን አላጠፋሁትም። ተሳስቼ እንደነበር እንዲታይ ይቀመጥ።

ለመጋገር ለምትፈልጉ፣ እኛ የሠራንበት ልክ ይሄ ነው። 500 ግራም ዱቄት፣ 300 ግራም ማር፣ 100 ግራም ስኳር፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ የተቀላቀለ ቅመም፣ ለመያዝ ያህል ጥቂት ውኃ። ማሩንና ስኳሩን ከዘይቱ ጋር አሙቁት፤ እንዳይፈላ። ሲበርድ ከዱቄቱ ጋር አሹት፤ ተሸፍኖ ይደር። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ሲኖረው ቁረጡት፤ ማውጫውን ዱቄት አስነኩት፣ አይጣበቅም። በ180 ዲግሪ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ። መጀመሪያ ድንጋይ ይሆናል፤ አትደንግጡ። ክዳን ባለው ዕቃ ከአንድ የፖም ቁራሽ ጋር ጥቂት ቀን ሲቀመጥ ይለሰልሳል።

ባለፈው ሳምንት መርካቶ ወርጄ ነበር፣ ምን አለሽ ተራ። ከዘይት ቆርቆሮ ማንቆርቆሪያና ምድጃ የሚሠራ አንድ ሰው አግኝቼ ሥዕል አሳየሁት። «አባቴ፣ ይሄ ምን ሊሆን ነው?» አለኝ። «ዳቦ መቁረጫ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና አንድ የዘይት ቆርቆሮ ሸንሽኖ፣ እያየሁት አጥፎ በየደልኝ። ሁለት አሠራሁ። አንዱ የላሊበላ መስቀል ነው፤ ማዕዘኑ ስለበዛ ትንሽ ተወላግዷል። ሌላው የገና ዱላ ነው፤ ጫፉ ቆልመም ያለ፣ ልክ ልጅ ሆነን ሜዳ ላይ እንደምንመታበት።

ዳራቸውን በሞረድ አለስልሼ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። ኮረሪማም ጨምሬያለሁ። የፊታችን ሐሙስ እበራለሁ።

የቀረውን ጾም በሰላም ያስፈጽመን። በዓሉን በዲሴምበር 25 ለምታከብሩም፣ እንደኛ ታኅሣሥ 29 ለምትጠብቁም፣ ለሁላችሁም መልካም ገና ይሁንላችሁ። እናንተ ቤት ምን እንደሚጋገር ጻፉልኝ፤ የእናቶቻችሁን ድፎ ዳቦ ታሪክ በተለይ።